የግራ እጅ ቤት

ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከአዳራሹ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጬ

ለተከበርከውና ለተወደድከው፣ በሞተር የሰው ምሳ ስታመላልስ የራስህን ለምትረሳው ወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ቆመህ የምታነብ ከሆነ ተቀመጥ። ተቀምጠህ ከሆነ የምትደገፈው ነገር ፈልግ። ሞተር ላይ ከሆንክ ደግሞ በፈጠረህ ውረድ፤ በኋላ በእህቱ ደብዳቤ ምክንያት ተጋጨ ተብሎ ስሜ እንዳይጠፋ። እነሆ በከባድ ሐዘን የማረዳህ ነገር አለኝ፦ የቤታችን ግራ እጅ አርፏል። ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት ሲያገለግለን ቆይቶ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በተገኘበት፣ ማለትም እማዬና እኔ በቆምንበት፣ በሰላም ተሸኝቷል። ለቅሶ ልድረስ ካልክ ካለህበት ሆነህ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና ትንሽ ተክዝ።

ደነገጥክ አይደል? እማዬ ደህና ናት። እጆቿም ሁለቱም በየቦታቸው አሉ። ረጋ በልና ከመጀመሪያው ልንገርህ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስንደውል ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ ስለምትሰማ ነው። “ደህና ነን፣ ሁሉ ሰላም ነው” ከሚለው ውጭ አንድ ቃል ካመለጠኝ ክንዴን ትቆነጥጠዋለች። ደብዳቤ ደግሞ አይቆነጠጥም።

አንተ ከሄድክ በኋላ አልጋህን ማን እንደወረሰው ነግረንህ አናውቅም። የሞተር ጓንት ነው የወረሰው። ጆንያ የምንለው ሰውዬ አለ፤ አንተ አታውቀውም። ትከሻው ላይ ጆንያ ስለማይጠፋ ነው እንዲህ ያልነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም የረሳው ይመስለኛል። አንተ በሄድክ ሰሞን አዳራሽ የሚባለው የጓንት ፋብሪካ ከድሮው መጋዘን ጎን ተከፈተ። ጆንያ ከዚያ የተቆረጠ ቆዳ ያመጣል፣ እማዬ ልብስ ትጠግንበት በነበረው የእግር መኪና ጣቶቹን ትሰፋለች፣ እሱ መልሶ ይወስዳል። አዳራሹ ውስጥ ቆዳው ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይም ይታሸጋል። መሃል ላይ ያለው ሥራ፣ ቆዳውን ጓንት የሚያደርገው ሥራ፣ ያለው በየሰዉ ቤት ነው። አልጋ ላይ፣ ቁም ሳጥን ሥር፣ ሕፃን በተኛበት አጠገብ። ከዚያ አዳራሹ የአንዱን ሀብታም አገር ስም የያዘች ሚጢጢ ጨርቅ ይለጥፍበትና ጓንቱ በአንድ ጀምበር ዜግነት ይቀይራል። እንዳንተ ለወረቀት ተሰልፎ አያውቅም።

ታዲያ ጆንያ ብልጥ ነው። ለአንድ ቤት ሁለቱንም እጅ አይሰጥም። ሁለቱንም ከሰጠ ጥንድ ይሆናል፤ ጥንድ ጓንት ደግሞ ገበያ ያውቃል። ግራ ብቻውን ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ለኛ ቤት ግራ፣ ለሌላ ቤት ቀኝ። የቀኙ ቤት የት ነው ስንለው “ሩቅ ነው” ይልና ወሬ ይቀይራል። እማዬም ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቀኝ እጅ ሰፍታ አታውቅም። ከበር እስከ ጓዳ ግራ ነን። አልጋህ ላይ ግራ እጅ ተከምሮ ስለሚያድር፣ ጠዋት ስነቃ ብዙ ሰው ቆሞ የሚሰናበተኝ ይመስለኛል።

አንድ ቀን አንዱን ጓንት በብጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ጣቶቹ ከጆንያው አፍ ብቅ እንዲሉ አድርጌ አሰርኩለት። ሰውዬው ምንም ሳያውቅ ተሸክሞ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሻጯ “ሰው ተሸክሟል! ኧረ ሰው ተሸክሟል!” ብላ ሰፈሩን አስወጣችው። እማዬ አኮረፈችኝ፤ ግን ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ስትስቅ አልጋዋ ሲነቃነቅ ሰምቻለሁ።

ሁሉ ነገር ሳቅ እንዳይመስልህ። አውራ ጣት በመኪና አይሰፋም። ቦታው ጠባብ፣ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ በእጅ፣ በትልቅ መርፌ ነው። ጓንቱ ደግሞ ተገልብጦ ስለሚሰፋ፣ ሲያልቅ እያንዳንዱን ጣት በለሰለሰ እንጨት እየገፉ ወደ ውጭ ማውጣት አለ። የእማዬ የራሷ አውራ ጣት በዚህ አበጠ። ጠዋት ጠዋት አይታጠፍላትም። “ብርድ ነው” ትላለች። ሰው ሁሉ በሙቀት ሲቀልጥም “ብርድ ነው” ትላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ እንጨቱን ተቀበልኳት፣ ቀስ በቀስ ደግሞ መርፌውን። “ልጫወትበት” አልኳት። “ጨዋታሽ ይበላሻል” አለች እንጂ አልከለከለችኝም። ያልከለከለችኝ ዕለት ነው ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ።

ባለፈው ወር እንግዲህ ጆንያ ያለ ጆንያ መጣ። ያኔ ነገር እንዳለ አወቅሁ።

“እትዬ፣ ጉድ ፈልቷል” አለ ገና ከበሩ ሳይገባ። “የጓንቱ ባለቤት ከውጭ ሊመጣ ነው። ሥራው የሚሠራበትን ቦታ በዓይኔ ልይ ብሏል።”

“ይምጣ! ቤቴ እንደሆነ ንጹሕ ነው” አለች እማዬ።

“ኧረ እዚህ አይደለም! ቤት ለቤት እንደሚሰፋማ አያውቅም። ሁሉም አዳራሽ ውስጥ ነው ብለን ነው የነገርነው። ይቺን ካወቀ አለቀልን፤ ለሰፈሩ አንድ ብጣሽ ቆዳ አይመጣም።”

“እና ምን ይሁን ነው የምትለው?”

“ለአንድ ቀን አዳራሽ ገብተው ይቀመጣሉ። ዩኒፎርም አለ፣ ወንበር አለ። እዚያው እንደኖሩ ሆነው መስፋት ብቻ ነው።”

እኔ ከጓዳ ብቅ አልኩና፣ “ሰውዬው ዛሬ ምን ነክቶት ነው ዓይኑ የተከፈተው?” አልኩት።

“ሞተረኞች ናቸው!” አለ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው። “ጓንቱን ማን ሰፋው፣ የት ተሠራ እያሉ ይጠይቃሉ አሉ። ድሮ እጃቸው ከሞቀ ይበቃቸው ነበር።”

ወንድም ጋሼ፣ ከነሱ አንዱ አንተ ከሆንክ ተወኝ፣ አርፈህ ንዳ። ለመሆኑ ያቺን “ኦሪጅናል ናት” ብለህ ፎቶዋን የላክህልንን ሞተርህን የት እንደተሠራች በምን አወቅህ? ነዳጅ መያዣዋ ላይ ስለተጻፈ? እዚያ ላይማ የፈለጉትን ይጽፋሉ። ማን ያውቃል፣ የሆነ ሰፈር የአንዱ እናት ጓዳ ውስጥ ፍሬን ስትገጣጥም፣ ልጇ ያላለቀ ኮርቻ ላይ ተደግፎ የቤት ሥራውን ይሠራ ይሆናል። የግራ መስታወት ብቻ የሚሠራ ቤት እንዳለም አልጠራጠርም።

በቀኑ እማዬ ፀጉሯን አበጥራ፣ ደግማ አበጥራ፣ እንደ ሠርግ ወጣች። እኔንም ወንበር ለመሙላት ወሰዱኝ። “አንቺ ክር ትቆርጫለሽ” አለኝ ጆንያ፤ “አፍሽን ግን ከከፈትሽ መቀሱን ለሌላ ነው የምጠቀምበት።”

አዳራሹ ጣሪያው ሩቅ ነው። መብራቱ ነጭ ነው፣ ወለሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሰው የሚሠራበት ቦታ እንዳልሆነ ከጠረኑ ታውቃለህ። ከየቤቱ የተለቀሙትን ሴቶች አጫጭሮቹን ከፊት፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ አስቀመጧቸው። ለፎቶ እንዲያምር ነው። ማን ግራ ይሰፋል፣ ማን ቀኝ ይሰፋል ብሎ ያሰበ የለም። እማዬም ከፊት፣ ቀኝ እጅ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ወደቀች። እንደለመደችው እግሯን ወደፊት ወደኋላ ስታወዛውዝ የኤሌክትሪኩ መኪና ጮኸና የጠረጴዛውን ጨርቅ መዋጥ ጀመረ። “ኧረ ያዙልኝ!” ስትል ከጎኗ የተቀመጡ ባለ መነጽር ሴትዮ እግሯን ገፍተው አዳኗት።

“ቀስ ብለው ይርገጡት፤ እኔም አሁን ነው የነከሰኝ” አሏት። “እርስዎ ከየት ነዎት?”

“ከዳቦ ቤቱ ጀርባ። እርስዎስ?”

“ከወንዙ ማዶ። ቀኝ ነው የምሰፋው።”

እማዬ መኪናውን ትታ ዞረች። “ቀኟ እርስዎ ነዎት?”

“ውይ! ግራዋ እንዳይሆኑ ብቻ!”

“ነኝ እንጂ!”

ሴትዮዋ ተነስተው አቀፏት። “ያ ሰውዬ አንድ ጊዜ ተሳስቶ የእርስዎን አንድ እኔ ቤት ጥሎት ነበር። ክሩን ሲያሳርጉት ቋጠሮው እንዴት እንደማይታይ አይቼ ቀንቼብዎታለሁ።”

“ኧረ የኔ ቋጠሮ እንደ ባቄላ ነው!”

“ይዋሹኛል እንዴ፣ በዓይኔ አይቼ?”

እኔ ከኋላቸው፣ “እስኪ ተጨባበጡ፣ ጥንድ ሁኑና ጆንያ ይደንግጥ” አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ወዲያው እንግዳው ገባ፤ ሁላችንም አጎነበስን።

ረጅም ሰው ነው፤ አጠገቡ አስተርጓሚ፣ ከኋላው ላቡን የሚጠርግ ጆንያ። ቀጥ ብሎ መጥቶ እማዬ ፊት ቆመ። አጭር ከፊት ማስቀመጥ ጥሩ የመሰላቸው ይኼን አላሰቡም። አውራ ጣት ሲሰፋ ማየት እፈልጋለሁ አለ። እማዬ ከተደረደረው አንዱን አነሳችና ጀመረች። ግራ ይሁን ቀኝ አላየችም፤ እጇ መንገዱን ስለሚያውቅ ብቻውን ሄደ። ሰፍታ ጨርሳ፣ ጥርሷን ነክሳ በእንጨቱ ገልብጣ ሰጠችው። እንግዳው እጁን ሲያስገባ አውራ ጣቱ የሚገባበት ወደ ኋላ ዞሮ፣ የገዛ እጁን ጀርባ ሊያክ የተነሳ ይመስል ነበር። ሰውዬው ግራ ገባው። የሞተር መሪ የጨበጠ መስሎ ሞከረው። አልሆነም።

ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አዳራሹ ተከተለኝ።

“አዲስ ናቸው! ተለማማጅ ናቸው!” ጆንያ ጮኸ።

አስተርጓሚው እማዬን ጠየቃት፤ “እዚህ ከገቡ ስንት ጊዜ ሆነዎት ይላሉ።”

እማዬ ውሸት አይሆንላትም። “ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት” አለች።

የጆንያ ትከሻ በእፎይታ ሲወርድ አየሁት። እውነት እንደዚያች ቀን ጠቅሞን አያውቅም። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይኼኔ እኔም ቤቴ ነበርኩ።

እንግዳው ግን ደግ ሰው ሆነብን። ከመደርደሪያው አንድ ያለቀለት ግራ ጓንት አንስቶ ለእማዬ ሰጣትና ረጋ ብሎ ተናገረ። አስተርጓሚውም፣ “አይዞዎት ይላሉ። ይኼን የሰፋችውን ሴት ፈልገው ይጠይቋት፤ እንዴት እንደሚሰፋ ታሳይዎታለች ይላሉ” አላት።

እማዬ ጓንቱን አገላበጠችው። እሷን ታውቃታለህ። ስድብ ትችላለች፣ ድካም ትችላለች፤ የገዛ ሥራዋን ለሌላ ሰው ሲሰጡባት ግን አትችልም።

“ምን ማለት ነው? ይኼ የኔ ነው እኮ!” አለች። “አይታይህም ክሩ? አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ የሰፋሁት ነው!”

አስተርጓሚው ጆንያን አየት አደረገ። “ቆንጆ ነው እያሉ ነው” ብሎ ለእንግዳው እንደተረጎመለት ከፊቱ አወቅሁ። ግን አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች “የኔ፣ የኔ” ስትል አስተርጓሚ አያስፈልግም።

የሰፋችበትን ቦታ ልይ ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ እንግዳው አልጋህ ላይ ተቀምጦ ነበር። እማዬ ጓንቱን ገፋ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት፣ ሻይም አቀረበች። ዙሪያውን አየ። አየና፣ “ቀኙስ የት አለ?” አለ። እማዬም፣ “ቀኟን እኔም የተዋወቅኋት ዛሬ ነው” አለችው። ሻይ ስታቀብለው ጣቷን አየ፤ ከዚያ የራሱን እጅ አየ። ካሜራውን ከቦርሳው አወጣና መልሶ ከተተው። ሲነሳ ረጅም ንግግር አደረገ፤ አስተርጓሚው “አዝነዋል” ብሎ ጨረሰው። የቀረው ንግግር የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ ጆንያ መጣ፣ አልጋህ ላይ የነበረውን በሙሉ ሰብስቦ ሄደ። ከእንግዲህ ወደ ቤት የሚወጣ ቆዳ የለም፤ ሁሉም አዳራሽ ውስጥ፣ በመብራት፣ በወንበር ይሰፋል፤ የሚችል ይምጣ ተባለ። በደግነት ነው ያደረጉት፣ አልወቅሳቸውም። ወንበሩ እውነትም ጥሩ ወንበር ነው። አልጋ ላይ ግን ጣት ሲያም አቁሞ ውሃ መጠጣት፣ ጋደም ማለት ነበረ። እማዬ አንድ ቀን ሄደች። ማታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ገባች፤ ማንኪያ መያዝ አቅቷት ሳትበላ ተኛች። በማግስቱ ዩኒፎርሙን እኔ ለበስኩት። እጅጌው ይረዝመኛል፤ አጠፍኩት።

ትምህርት ቤቱን ጠየቅኸኝ? አልጠየቅኸኝም፤ ግን ትጠይቃለህ። ተባርሬያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ላይ የተጠቀጠቀ ጓንት አስቀምጬ፣ ሲቀመጥበት ዘሎ ተነስቶ “ውጪ፣ ዳግመኛ እንዳላይሽ!” አለኝ። ለእማዬ እንዲህ ብዬ ስነግራት ወዲያው አመነች። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስም ስለገነባሁ ነው። አንተም ብታምን ደስ ይለኛል። ርዕሰ መምህሩ ባለፈው ሐሙስ በራችን ድረስ መጥቶ፣ “ፈተናው ሳያልፋት ትመለስ፤ ቦታዋን ይዤላታለሁ” አለ ብላ ጎረቤታችን ከነገረችህ አትስማት፤ እሷ ነገር ታሳምራለች። ሰውዬው ቤት ተሳስቶ ነው። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ እማዬ ተኝታ ነበር። ቀስ ብሎ እንዲያወራ የነገርኩትም እንቅልፏን እንዳይረብሻት ነው።

አሁን የምቀመጠው ከቀኟ ሴትዮ ጎን ነው። ቀኝ እጅ እያስተማሩኝ ነው፤ በቤተሰባችን ታሪክ ሁለቱንም እጅ ያወቅሁ የመጀመሪያዋ እኔ ልሆን ነው። ሴትዮዋ ጥሩ ናቸው፣ ያስቁኛል። ከሥራ ስወጣ ግን ምን እንደሚያምረኝ ታውቃለህ? ዝም ማለት። እኔ! ዝም ማለት! ትናንት ጆንያን ላስቀው ብዬ ቀልድ ጀመርኩና መጨረሻው ጠፋኝ። እሱም ደንግጦ “አሞሻል እንዴ?” አለኝ።

የግራ ጓንትህን ገልብጠህ የእማዬን ቋጠሮ ስትፈልግ እንዳትውል። ብዙ እናቶች አሉ። አልጋህ አሁን ባዶ ነው፤ እማዬ አንሶላ አንጥፋበታለች። ሳትነግረን ብትመጣም የምትተኛበት ቦታ አለ ለማለት ያህል ነው እንጂ ና ማለቴ አይደለም። ለእማዬ ስትደውል “ያቺን ባለጌ ደህና አድርገሽ ቆንጥጫት” በላት፤ ስለ ሌላው ምንም እንዳታነሳ።

መንገዱ ይስፋልህ። ዝናቡ አንተ ካለፍክ በኋላ ይዝነብ። ፍሬንህ ባልከው ቦታ ይያዝልህ። በር አንኳኩተህ ምግብ የምታቀብላቸው ሰዎች፣ ምግቡን ብቻ ሳይሆን አንተንም ቀና ብለው ይዩህ።

ደወሉ ሊደወል ነው። አየህ፣ ሐዘን፣ ለቅሶ እያልኩ ያስደነገጥኩህ ያን ያህል ነገር የለውም። የሞተ የለም፣ የታመመም እምብዛም። አንድ ሥራ ከቤት ወደ አዳራሽ ሄደ፤ አንዲት ልጅም ተከትላው ሄደች። ጉዳዩ በሙሉ ይኸው ነው፤ ትንሽ ነገር ነው። ጽሑፌ ከመስመር የወጣው እየሳቅሁ ስለጻፍኩ ነው፣ ሌላ አይምሰልህ።

እህትህ፣ ፌንጣ ብለህ ስም ያወጣህላት